በሐቦባ ዚር ሥር የተማርኩት ቃል

ዛሬ ጠዋት ቧንቧውን ስከፍት ውሃው ደፍርሶ መጣ። ነሐሴ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሯል። በብርጭቆ ቀዳሁና እንዲጠልል መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ትቼው መሄድ ሲገባኝ መልሼ አነሳሁና አሸተትኩት። እርጥብ አፈር ሸተተኝ፤ ጥላ ሥር ቆሞ ያላበው ሸክላ፣ ታቹ የተኛ ጭቃ፣ ጠርዙ የዛገ ጣሳ። አርባ ዓመት አልፎታል፤ አፍንጫዬ ግን ዓመት አልቆጠረም። ከሽታው ኋላ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ተከትላ መጣች፦ ዲስተርብ።

የሌላው ሰው ስደት ከምን እንደሚጀምር አላውቅም። የእኔዋ ኦምዱርማን ከአንድ ዚርና ከአንድ ግስ ትጀምራለች።

ዚር ሱዳኖች ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ትልቅ ሸክላ ነው። ከእኛ እንስራ አፉ ይሰፋል፣ ሥሩ ሾል ይላል፣ በብረት እግር ላይ ይቆማል። ሸክላው ቀኑን ሙሉ ያልበዋል፤ ላቡን ነፋስ ሲያደርቀው ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ግንቦት ላይ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ግድግዳው እንደ ምጣድ ሲግል፣ በግቢው ውስጥ ቀዝቃዛ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። ከሥራ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዚሩ ነው፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ወደዚያ ግቢ የገባሁት በ1976 ዓ.ም. ነው። ከጎንደር ተነስቼ ሌሊት ሌሊት እየተጓዝኩ መተማን አለፍኩ፤ ገላባት ላይ የሱዳንን መሬት ረገጥኩ፤ ገዳሪፍ ከርሜ በጭነት መኪና ጀርባ ካርቱም ገባሁ። ከነጭ ዓባይ ድልድይ ማዶ ኦምዱርማን ነበረች፤ ዝቅ ያለች፣ አፈር የለበሰች፣ ማለቂያዋ የማይታይ ከተማ። አቡ ሮፍ በሚባለው የወንዝ ዳር ሰፈር፣ በአንድ የጭቃ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ስድስት ሐበሾች አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሰባተኛው እኔ ሆንኩ። አከራያችን አሮጊት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሐቦባ ይላቸዋል፣ አያቴ እንደማለት ነው፤ እኛም ሐቦባ አልናቸው።

የመጀመሪያው ምሽት በሩ ላይ ቆሜ፣ ሰዎቹ ያስጠኑኝን የዓረብኛ ቃል እንደምንም አወጣሁ፤ "አዝዐጅናኩም"። ረበሽናችሁ፣ አስቸገርናችሁ እንደማለት ነው። ሐቦባ እንዳልሰማ ሰው ዝም አሉ። ከዚሩ በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ። ጠጣሁ። ደግመው ቀዱልኝ። ሁለተኛውን ስጨርስ ነው "አል ቤት ቤተክ" ያሉኝ፤ ቤቱ ቤትህ ነው።

ክረምት ሲገባ ወንዙ ተለወጠ። ሱዳኖች የዓባይን ሙላት ወቅት ደሚራ ይሉታል። የእኛው ጥቁር ዓባይ ከሐምሌ ጀምሮ ቀይ ሆኖ፣ ግንድና ቅጠል ይዞ ይመጣል። ሞግረን ላይ ነጩን ዓባይ ሲያገኘው ጉልበቱ ያይላል፤ ያ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ወገን በዝግታ የመጣው ሰፊ ወንዝ ይገታል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። ዓባይ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ከኢትዮጵያ ደጋ አጥቦ ያወርድ ነበር። ያን ጊዜ ቁጥሩን አላውቀውም። የማውቀው ጣዕሙን ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ እኔን ግን በሰው አገር ያጠጣኝ ዓባይ ነው፣ ከነአፈሩ። የጎጃምን ማሳ በጥርሴ መካከል ሲንኮሻኮሽ እሰማው ነበር።

ሐቦባ ለዚያ መድኃኒት ነበራቸው። የትውልድ መንደራቸው በስተሰሜን፣ ወንዙ ዳር ነው፤ ከዚያ ዘመድ በመጣ ቁጥር ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ ክንፍ መሳይ ያለው ደረቅ ፍሬ በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣላቸዋል። ዛፉን "ሸጀረት አር-ረዋግ" ይሉታል፣ የሚያጠራ ዛፍ ማለት ነው። ፍሬውን ፈልፍለው ይወቅጡታል፣ በጥቂት ውሃ ይበጠብጡታል፣ ዚሩ ውስጥ ይጨምሩታል። ከዚያ በረጅም እንጨት ያማስላሉ፤ መጀመሪያ ፈጠን አድርገው፣ ቀጥሎ ደግሞ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው እጅግ ቀስ ብለው። ሲጨርሱ ክዳኑን ይገጥሙና ግቢውን ሁሉ ያስጠነቅቃሉ፤ ማንም እንዳይነካ። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ሲከፈት ጭቃው ሁሉ ታች ወርዶ፣ ላዩ ፊት የሚያሳይ ውሃ ሆኖ ይገኛል።

ተአምር ይመስለኝ ነበር። ብዙ ቆይቼ ነው ዛፉ የኮንሶው ሺፈራው የቅርብ ዘመድ መሆኑን ያወቅሁት፤ በእነዚያው ዓመታትም ሳሚያ አል-አዝሐሪያ ያሕን የተባለች ተመራማሪ የሱዳን ሴቶችን ይህን ጥበብ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1981 መጽሐፍ አሳትማለች። ፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን እርስ በርሳቸው የሚገፋፉትን የጭቃ ቅንጣቶች ያያይዛቸዋል፤ ተያይዘው ሲከብዱ ይሰምጣሉ። ሐቦባ ስለ ፕሮቲን የሚያውቁት አልነበረም። ስለ እጃቸው ፍጥነት ግን ያውቁ ነበር።

እንግሊዝኛ የተማርነው እዚያው ዚሩ አጠገብ ነው። ከስድስቱ አንዱ አገር ቤት መምህር ነበር፤ እኛ ጋሼ እንለዋለን፣ የሰፈሩ ሰዎች ኡስታዝ ይሉታል። ድንበሩን ሲሻገር ከንብረቱ ሁሉ መርጦ ያዳነው የአምሳሉ አክሊሉንና የሞስባክን የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ጠርዙ በላብ ጠቁሮ፣ የ"ዜድ" ገጾች ተቀድደው ነበር። ማታ ማታ በአንጋሬቡ፣ በዚያ በገመድ በተጠለፈው አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ ፋኖሱን ወደ ራሱ ጠጋ አድርጎ ያስተምረናል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ ምክንያት ካርቱም ውስጥ ለቃለ መጠይቅ የሚጠራ ሐበሻ ይበዛ ነበር፤ ሁላችንም ያንን ቀን እያሰብን ግስ እናረባለን።

ዲስተርብ የመጣችው ግን ከመጽሐፉ ወጥታ አይደለም፤ እታለም ናት በጉያዋ ይዛት የገባችው።

እታለም የአክስቴ ልጅ ናት፣ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ካርቱም አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ገብታ ከማንም ጋር ሳትነጋገር ቁጭ አለች። ዓይኗ ደፍርሷል። ከደረቷ ውስጥ ቀይ ካርቶን አወጣችና ለጋሼ ወረወረችለት፤ በር እጀታ ላይ የሚንጠለጠል፣ አናቱ የተበሳ ካርቶን ነው። እሷ ቀዩ "ክፍሉ ቆሽሿል፣ ግቡ" የሚል መስሏት ከፍታ ገብታለች። ውስጥ የነበረው ፈረንጅ ጮኸባት፤ አለቃዋ የሦስት ቀን ደመወዟን ቀጣት።

"ምን ይላል?" አለችው።

"ዱ ኖት ዲስተርብ። አትረብሹ ነው የሚለው።"

"እኔ ምን ረበሽኩ? ላጸዳ ነው የገባሁት! ጨዋ ነኝ እኮ እኔ፣ ጋሼ! በሕይወቴ ማንን ረብሼ አውቃለሁ?"

የደመወዙ አልነበረም ያስለቀሳት። በአማርኛ ረባሽ ማለት የሰው ጠባይ ነው። ረባሽ ተማሪ አለ፣ ሰካራም ረባሽ አለ፤ ጨዋ ሰው አይረብሽም። ቃሉ ሲተረጎምላት የተፈረደባት መሰላት። ጋሼ ይህ ገባው። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ካርቶኑን ሲያገላብጥ ቆየና ተነሳ፤ የዚሩን ክዳን ከፈተ፣ ፋኖሱን አስጠግቶ ጠራን። ሐቦባ ከሰዓት በኋላ ያጠሩት ውሃ ነው፤ ታቹ ድረስ ይታያል። ጋሼ ጣቱን አሳይቶን፣ ታጥቦ፣ ክንዱን እስከ ብብቱ ሰደደና ደለሉን በጣቱ ጫፍ ነካው። ቀይ ጭስ የመሰለ ነገር ከታች ተነሳ።

"ጣቴ ንጹሕ ነው" አለ። "ክፉ አላሰብኩም። ውሃው ግን ደፈረሰ። አንቺ አልረበሽሽም እታለም፤ ዲስተርብ አደረግሽው። ይለያያል።"

በነጋታው ሐቦባ ዚራቸውን ማን እንደነካው ጠይቀው ጋሼን ተቆጡት፤ እሱም እንደ ልጅ አቀርቅሮ ሰማቸው።

ከዚያ ምሽት በኋላ ቃሉን ለሳምንታት አልለቀቅነውም። እኛ ዘንድ ክፍል ይረበሻል፣ ቤት ይበጠበጣል፣ ሕዝብ ይታወካል፣ ሰላም ይደፈርሳል፣ የተኛ ይቀሰቀሳል፣ ልብ ይናወጣል፣ የንብ ቀፎ ይነካካል። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ በአንዲት ግስ ይበቃዋል። ድሃ ቋንቋ ነው ብዬ ነበር፤ ጋሼ ግን አልተስማማም። ሥሩን ከላቲን አመጣልን፦ "ቱርባ" የሚሉት የተተራመሰ ሕዝብ፣ ግርግር ነው፤ "ቱርባሬ" ማተራመስ። ከዚያው ሥር እንግሊዞች ለደፈረሰ ውሃ የሚሉት "ተርቢድ" ወጣ፣ ችግር የሚሉት "ትራብል"ም በፈረንሳይ በኩል ዞሮ ከዚያው ወጣ። ስለዚህ ላቲኑም እንደ አማርኛው ሁከትንና ድፍርስ ውሃን አንድ ላይ አይቷቸዋል። ግዕዙ "ሆከ" ራሱ ማማሰልም ማወክም ነው። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ ዛሬ ለመግለጽ ይቸግረኛል። አገር የሌለኝ፣ ወረቀት የሌለኝ ልጅ ነበርኩ፤ ቋንቋዬ ግን ከሮማውያን ጋር አንድ ወንዝ ዳር ቆሞ ነበር።

አጠቃቀሙንም ለየን። ቢሮ ስንገባ "አይ አም ሶሪ ቱ ዲስተርብ ዩ" እንላለን፤ አማርኛው "ይቅርታ፣ ላስቸግርዎ" መሆን አለበት፣ "ልረብሽዎ" ቢባል ያስወጣል። የሰው ወረቀት ከቦታው ማንቀሳቀስም ዲስተርብ ነው። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ግቢውን ባለበሰ ቁጥር ሐቦባ የጋሼን ጽሑፎች ሳያነሱ ዙሪያቸውን ይጠርጉ ነበር፤ አንብበው አያውቁም፣ ግን አይነኩም።

አንዱ ፍቺ ብቻ ዘግይቶ መጣ።

ከእኔ ጎን የሚተኛ ልጅ ነበር። አገር ቤት ታስሮ ነው የወጣው፤ ምን እንዳደረጉት አይናገርም። ሌሊት ተነስቶ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል፣ ስሙ የተጠራ ይመስል "አቤት! አቤት!" ይላል። ቀን ደህና ነው፤ ይስቃል፣ ፉል ያበስላል። አንድ ቀን ግን መንገድ መሃል ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ። ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሱዳናዊው ሐኪም ዓረብኛዬ አላጠግብ ሲለው በእንግሊዝኛ ቀጠለ፤ መረመረው፣ ጻፈ፣ ወደ እኔ ዞሮ "ሂ ኢዝ ዲስተርብድ" አለኝ።

ቃሏን አውቃታለሁ! ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ሰው ከተረበሸ ረባሽ አለ ማለት ነው፤ በጋሼ ሰዋስው መሠረት ተደራጊ ካለ አድራጊ ይፈለጋል። "ባይ ሁም?" አልኩት፤ በማን?

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። መነጽሩን አውልቆ ልጁን አየው፣ እኔን አየኝ። እንግሊዝኛዬን አላረመኝም። ተላላኪውን ጠርቶ ሦስት ሻይ አዘዘ፤ በሽተኛ ውጭ ተሰልፎ ሳለ ሦስታችን ዝም ብለን ሻይ ጠጣን።

አማርኛም ለዚህ "አእምሮው ታወከ" ይላል። ቀለል ሲያደርገው "ትንሽ ነካ አድርጎታል" ይላል። የእኛ ሰው ነካው ሲል ነኪውን አይጠራም፤ ልጁም እስከ መጨረሻው አልጠራውም። ዛሬ ካናዳ ነው፣ የልጅ ልጅ አይቷል። ሌሊት ይነሳ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ዓርብ ዓርብ የደርቡሾች መሪ በነበረው በመህዲው መቃብር አጠገብ እናልፍ ነበር። ብርማ ጉልላቱ ከሩቅ ያበራል፤ ከጎኑ የተተኪው የኸሊፋው ቤት አለ። ኢትዮጵያዊ እዚያ ሲደርስ እግሩ ይከብደዋል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ራሳቸው ተቆርጦ የመጣው ወደዚህች ከተማ ነው። እኔ በመተማ በኩል በሕይወት ተሻግሬ እዚያው ቆሜያለሁ፤ ይህ ሐሳብ በመጣብኝ ቁጥር አንገቴን እነካ ነበር። ጋሼ ደግሞ የሌላውን አጽም ታሪክ ነገረን። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1898 ከረሪ ላይ ድል ሲያደርጉ አዛዣቸው ኪችነር የመህዲውን መቃብር አስፈረሰ፣ አጽሙን አስወጥቶ ዓባይ ውስጥ አስጣለ። የራስ ቅሉ ጉዳይ ንግሥት ቪክቶሪያን እስኪያስቆጣ ደረሰና በኋላ ዋዲ ሐልፋ ተቀበረ። ወጣቱ ቸርችል ራሱ በጻፈው መጽሐፍ ድርጊቱን ነቅፏል። ጉልላቱን የመህዲው ልጅ እ.ኤ.አ. በ1947 መልሶ አሠራው። "እንግሊዞች መቃብር መነካትንም ዲስተርብ ነው የሚሉት" አለ ጋሼ፣ ካርቶኑን በር ላይ የሚሰቅለው ሕዝብ እዚህ ምን እንዳደረገ በዓይኑ እያሳየን። እታለም አማተበች። ለመህዲው ይሁን ለንጉሡ አልጠየቅኳትም።

በ1980 ዓ.ም. ሐምሌ 28 ማታ ዝናቡ ጀመረ። ካርቱም በዓመት ከምታገኘው የሚበልጥ፣ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በአንድ ሌሊት ወረደ። የጭቃ ቤት ዝናብን እንዴት እንደሚቀበል ያላየ ሰው አይገባውም፤ በድምፅ አይፈርስም፣ እንደደከመው ሰው ቀስ ብሎ ይቀመጣል። የእኛ ግድግዳ ሊነጋ ሲል ተቀመጠ። ሐቦባን በአንጋሬብ ተሸክመን አወጣናቸው። ሲነጋ ግቢው ቀይ ኩሬ ሆኖ ነበር፤ የዚሩ ስባሪ ከመሃሉ ብቅ ብሏል። ሐቦባ ስባሪውን አንስተው ውስጡን በቶባቸው፣ በሚከናነቡት ልብስ፣ ጫፍ ጠረጉት። ጋሼ ያኔ ሄዷል፣ አሜሪካ ገብቷል፤ መዝገበ ቃላቱን ለእኔ ትቶልኝ ነበር። ከጭቃው ሳወጣው ገጾቹ አንድ ላይ ተጣብቀው እንደ ጡብ ሆነዋል።

መጽሐፉ ዛሬም አለኝ። አይከፈትም።

የቤተ ሳይዳው ታሪክ በመጻጉዕ እሑድ ሲነበብ፣ ያ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛ ሰው ውሃው እስኪናወጥ ሲጠብቅ ስሰማ፣ ሐቦባና እንጨታቸው ይታዩኛል። የድሮው እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ላይ "ትራብል" የሚለውን ግስ ይጠቀማል፤ ያው የዲስተርብ ዘመድ ነው። ያ ውሃ ካልተነካ አያድንም። የሐቦባም ውሃ ካልተማሰለ አይጠራም ነበር። እኛን ማን እንዳማሰለን አውቃለሁ፤ ፍሬው ተጨምሮ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። እጁ ፍጥነቱን የሚያውቅ ሰው እጅ አልነበረም።

የኦምዱርማን ነገር ደግሞ እንዲህ ሆነ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበር፤ ቄጤማ በግንባራችን አስረን ፋሲካን ስንጠብቅ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ። ኦምዱርማንን ከባሕሪ የሚያገናኘው የሸምባት ድልድይ ኅዳር 1 ቀን 2016 ተሰበረ። ሐቦባ ሳያቋርጡ ያዳምጡት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1940 የተመሠረተው "ሁና ኦምዱርማን" እያለ የሚጀምረው ሬዲዮ፣ ግቢው የጦር ሜዳ ሆኖ ከረመ፤ ሠራዊቱ መልሶ የያዘው በመጋቢት 2016 ነው። ያኔ እኛ በመተማ የወጣንበትን መንገድ ሱዳኖች ወደ እኛ ገቡበት። ወንዙም እንደ ድሮው አይደለም፤ ጉባ ላይ ግድቡ ቆሟል፣ ያ ቀይ አፈር ብዙው ከኋላው ይቀራል። ደሚራ ዛሬ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው አላየሁም።

ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ መልሼ ይህን ሳሰላስል በሩ ተንኳኳ። ከጎናችን ባለው ፎቅ የተከራየች ሱዳናዊት ናት፤ ቶብ ለብሳ፣ ባዶ ጀሪካን ይዛ። ከዚህ በፊት ደረጃ ላይ ሰላም ከመባባል አልፈን አናውቅም።

"አይ አም ሶሪ ቱ ዲስተርብ ዩ" አለችኝ። የእናንተም ውሃ ደፍርሷል ወይ ነው ጥያቄዋ።

በዓረብኛ መለስኩላት። ደነገጠች፣ ከዚያ ፊቷ በራ። ከየት እንደመጣች ጠየቅኳት፤ ከኦምዱርማን፣ ወድ ኑባዊ። ግቢና አልኳት። ትናንት አፍልቼ ያቀዘቀዝኩት ውሃ ነበረኝ፣ ቀዳሁላት። ጠጣች። ደግሜ ቀዳሁላት። "አዝዐጅናኩም" አለች፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ።

የሚገባውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ግን ከጉሮሮዬ ሌላ ነገር ቀደመ። ሸጀረት አር-ረዋግን ታውቂዋለሽ ወይ አልኳት።

ሳቀች። የእናቷ ግቢ ውስጥ፣ ከኩሽናው ኋላ፣ አንድ ዛፍ ነበር። ፍሬውን ልጅ ሆና ትለቅም ነበር። ቤቱ እንደቆመ ሰምታለች፤ ስለ ዛፉ ግን ማንም አልነገራትም፣ እሷም ለመጠየቅ አላሰበችም። ጎረቤታቸው ተመልሶ ገብቷል፤ ኔትወርክ ሲኖር ማታ ማታ ይደውላል። ዛሬ ከደወለ ትጠይቅልኛለች።